«አንድ ዓይናው መጣ!» ያልኩበት ጁምዓ

ጅል ነኝ።

ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው። መስማታችሁ እንደሆነ አይቀርም። ሪያድ ውስጥ ከዑድ እስከ ዐዚዚያ ያለው ሐበሻ ዛሬ ሌላ ወሬ የለውም።

ጸጉሬ የሸበተ፣ መነጽር የማደርግ፣ ልጆቹ «ጋሼ» የሚሉኝ ሰው ነኝ። ዛሬ ከሰዓት አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው በባዶ እግሩ አስሮጥኩ።

በአንድ ቮይስ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስድቡን ለኮሜንት አቆዩልኝ።

አንድ የኮምፒውተር ጌም አለ። የድሮ ነው። ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ስማር፣ አስተማሪያችን ምሳ ሲወጣ የለመድኩት ነው። ኮምፒውተሩን ረሳሁት፣ ጌሙ ቀረ።

የጥንት አማልክት ያሉበት ጦርነት ነው። መንደር ትመሠርታለህ፣ እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ወርቅ ታስቆፍራለህ። ከሠራተኞችህ የተወሰኑት ደግሞ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ቆመው ይጸልያሉ። እነሱ በጸለዩ ቁጥር አማልክቱ ደስ ይላቸውና ጭራቅ ይሰጡሃል። በጭራቁ የሰው አገር ታፈርሳለህ።

ምኑ ነው ደስ የሚለው አትሉም?

ወንድሜ፣ እኔ ሪያድ ውስጥ ሹፌር ነኝ። ከፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬ፣ «ና» ሲለኝ እመጣለሁ፣ «ቁም» ሲለኝ እቆማለሁ። ጌሙ ውስጥ ግን ከፊሉ እኔ ነኝ! ጠላት ሲመጣ ደወል እመታለሁ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ቤት ይገባል። አንድም ሰው ፈቃድ አይጠይቀኝም።

አብሮኝ የሚጫወተው ደርቤ ነው። ዐዚዚያ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፣ እኩያዬ ነው፣ እሱም አያፍርም። እሱ ከዚያ እኔ ከዚህ ሆነን ኮምፒውተሩን እንገጥማለን። ስንጫወት በቮይስ እንነጋገራለን።

ቮይሷን ያዙልኝ።

አሁን ደግሞ ስለ ግሩፓችን። ስሙ «የጤና መረጃ» ነው። ስለ ጤና ተወርቶበት አያውቅም።

የሰፈራችን ልጆች ብዙዎቹ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላቸውም። ኢቃማ የሌለው ሰው ፍተሻ ካገኘው ተርሒል ነው፣ ማቆያ ገብቶ ወደ አገር ቤት። እኔ ኢቃማ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ። ፍተሻ ካየሁ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። ስለዚህ አድሚን ነኝ። ሌላው ሰው ይጽፋል፣ ፎቶ ይለጥፋል። ቮይስ ግን የኔ ብቻ ነው። የኔ ቮይስ ከመጣ ጫማ አይደረግም።

እና አንድ የፍተሻ መኪና አለ፣ የፊት መብራቱ በአንድ በኩል ብቻ የሚበራ። ልጆቹ ስም አወጡለት። አንድ ዓይናው።

ጌሙ ውስጥ ደግሞ ግንባሩ ላይ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ግዙፍ ጭራቅ አለ። እኔና ደርቤ እሱን ማን እንደምንለው ገምቱ።

በዓለም ላይ ካለው ስም ሁሉ!

እሺ፣ ዛሬ። ዛሬ ሽማግሌ ነበርኩ። የዕድሜውን አይደለም የምላችሁ፣ እሱማ ድሮ ነው። ለጋብቻ ሽማግሌ።

ሰይድ የሚባል ልጅ አጠገቤ ካለው ክፍል ይኖራል። ሴራሚክ የሚያነጥፍ፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። ኢቃማ የለውም። ዘሃራን ይወዳታል። ዘሃራ ሰው ቤት የምትሠራ የሐርቡ ልጅ ናት። እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አጎቷ ነው፣ አያ ይመር። እዚህ ያላት ዘመድ እሱ ብቻ ነው።

አያ ይመር የትልቅ መኪና ሹፌር ነው፣ ሪያድን የሚረግጣት አልፎ አልፎ ነው። ስልክ ላይ ምን አለኝ? «ጌታቸው፣ ልጁ መጥፎ ነው አልልህም። ግን ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚሮጥ ሰው ነው። ለሚሮጥ ሰው ልጄን አልሰጥም። ዛሬ በዓይኔ ልየው። ካልሆነ ኸላስ፣ ሁለተኛ ሰው እንዳትልኩብኝ።»

የኔ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጁ እንደማይሮጥ ማስረዳት።

እኔ ክርስቲያን፣ እነሱ እስላም። ወሎዬ ስለሆንን ማንንም አልገረመው። ኮት ለበስኩ። በዚህ ሙቀት፣ ኮት! ሰይድን «አንተ ታች ሻይ ቤት ከልጆቹ ጋር ጠብቅ፣ ስጠራህ ትወጣለህ» አልኩት። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። «ጋሼ፣ በአንተ ነው ያለሁት» አለኝ።

በኔ! ምስኪን።

አያ ይመር ፉጣ ሰፈር ጁምዓን ሰግዶ፣ ዘሃራን ከመዳሟ፣ ከአሠሪዋ፣ ቤት ይዞ እስኪመጣ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌ ዝም ብሎ ቁጭ ሲል ምን ያደርጋል? ንግግሩን ያሰላስላል።

እኔ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

«አንዲት ብቻ» አለ ደርቤ። አንዲት ብቻ የሚባል ጌም የለም፣ ታውቁታላችሁ።

መንደሬ አማረ። ፍየሉ ታረደ፣ ወርቁ ተቆፈረ፣ ጸሎተኞቼ ተሰለፉ። በመሃል በደቡብ በኩል መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አንድ ዓይናው! አንድ አይደለም፣ መንጋ ነው። ስልኬን አንስቼ ከላይ ያለውን ስም ነካሁና ለደርቤ ጮህኩለት።

ከላይ ያለው ሁልጊዜ ደርቤ ነው። ዛሬ ግን ጁምዓ ነው። ጁምዓ ሰው ሁሉ ጽጌረዳ ያለበት ፎቶ ይለጥፋል። አንዱ «ጁምዓ ሙባረክ» ብሎ ግሩፑ ላይ አበባ ለጥፎ፣ ግሩፑ ከደርቤ በላይ ወጥቷል።

የላክሁት ቮይስ ቃል በቃል ይኸው፦

«አንድ ዓይናው መጣ! አንድ ዓይናው በደቡብ ገብቷል! ብዙ ናቸው! ሰዉን አስገባ፣ አንድም ሰው ውጪ እንዳይቀር! እኔ አልቆልኛል፣ እኔን ተወኝ፣ ራስህን አድን! የቀሩት ይጸልዩ! ያላ፣ ይጸልዩ!»

ከኋላ ደግሞ የላፕቶፑ ድምፅ አለ። ዋይታ፣ የብረት ፍጭት፣ የፈረስ ኮቴ።

ስልኬን ፍራሹ ላይ ወርውሬ ወደ ጦርነቴ ተመለስኩ።

ታች የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ነጠላ ጫማ። የዐስር ሰላት ደርሶ እየሄዱ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ሰፈሩ ጭጭ አለ። እንዴት ያለ የተባረከ ቀን ነው አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት!

ጌሙ ላይ አንድ መብረቅ ይሰጥሃል፣ በጨዋታው ለአንድ ጊዜ ብቻ። ትልቁ አንድ ዓይናው ላይ ለቀቅኩት። ከሰል ሆነ። ተነስቼ እስክስታ ወረድኩ። ብቻዬን፣ በኮት።

ዞር ስል በሩ ላይ አያ ይመር ቆሟል። ከኋላው ዘሃራ።

«ደስታው ተጀመረ እንዴ?» አለ።

አስገባኋቸው። ላፕቶፑን በትራስ ሸፈንኩ። ትራሱ ሥር ሰው እየታረደ ነው፣ ድምፁ ይሰማል። «ጎረቤት ነው» አልኩ።

«የምን ጎረቤት? ሰፈሩ ላይ ሰው የለም» አለ አያ ይመር። «ሻይ ቤቱ ተከፍቷል፣ ብርጭቆው ይጤሳል፣ ሰው የለም። ደረጃው ላይ ጫማ ብቻ ነው ያለው።»

«ጁምዓ ነው» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ጁምዓን ክርስቲያን ሲያስረዳው የመጀመሪያው መሰለኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «አያ ይመር፣ ልጁ የረጋ ነው። ቁም ካሉት ቦታ የሚቆም ነው። እንኳን ሊሮጥ፣ ሲራመድም ቀስ ብሎ ነው።»

«እሺ፣ የታለ?»

«ታች።»

«ታች ሰው የለም አልኩህ እኮ።»

ልደውልለት ስልኬን ከፍራሹ ላይ አነሳሁ። መዓት መልእክት! የመጀመሪያውን ነካሁ። ስልኩ በላውድ ነበር። የራሴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «አንድ ዓይናው መጣ!»

ልዘጋው ስጣደፍ ቀጣዩ ቀጠለ። አድሚኑ ስለተያዘ የቮይስ ሕጉ ፈርሷል፣ ሁሉም ይናገራል።

«ጋሼን ወሰዱት! አላህ ይሁነው!»

«በፈረስ ነው የመጡት እንዴ? ኮቴ ሰማሁ!»

«እስከ መጨረሻው እኛን እያሰበ… ጸልዩ ነው ያለው!»

«ጥሩ ሰው ነበር። ኤሲው ሥር ያለችውን ፍራሹን እኔ ነኝ የምወስዳት፣ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።»

አያ ይመር እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ይሄ ያንተ ድምፅ አይደለም?»

«ነው።»

«ማን ነው የመጣው?»

«ጭራቅ።»

«የት?»

ትራሱን አነሳሁ። «እዚህ ላይ።»

ላፕቶፑ ላይ የመጨረሻው ጸሎተኛዬ ሞተ።

«ሰይድስ?» አለች ዘሃራ፣ ቀስ ብላ።

የሰይድ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። አያ ይመር ተነሳ። «አላልኩህም ጌታቸው? በድምፅ የሚሮጥ ነው ብዬህ ነበር። ያላ ዘሃራ፣ መዳምሽ ትጠብቅሻለች።»

የዘሃራን ፊት ያኔ ብታዩት ኖሮ እኔን ፎሎው ማድረግ ታቆሙ ነበር። አላለቀሰችም። ሻርፗን ብቻ አስተካከለች።

እየለመንኩ ተከተልኳቸው። ደረጃውን እየወረድኩ ግሩፑ ላይ ሌላ ቮይስ ላክሁ። «ፍተሻ የለም፣ ውጡ፣ ጌም ነው፣ እኔ ቤቴ ነኝ።»

ማን ይመነኝ?

«ይዘውት እያናገሩት ነው! እንዳትወጡ!» አለ አንዱ። ሌላው ብልጥ ደግሞ ጻፈ፦ «ጋሼ፣ በግድ ከሆነ ሳል።»

«ኧረ በግድ አይደለም!» ልል ቮይሱን ከፈትኩ። ደረጃው አስለክልኮኛል፣ ኮቱ አፍኖኛል።

ሳልኩ።

በቃ። ሰገነት ላይ ባዶ የውሃ ታንከር ውስጥ የገባው ልጅ ክዳኑን ጎትቶ ዘጋ።

ሳልጋበዝ የአያ ይመር መኪና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ውረድ» አላለኝም፣ «ግባ»ም አላለኝም። ወደ ደቡብ መውጫ ነዳ።

መውጫው ጋ አንድ ሰው መሃል መንገድ ቆሟል። ነጭ ሸሚዝ፣ አንድ እግር ጫማ። የመጣውን ነጭ መኪና ሁሉ በሁለት እጁ እያስቆመ መስኮቱን ያያል። ሪያድ ውስጥ ነጭ ያልሆነ መኪና ስንት አለ? ሹፌሮቹ ጡሩንባ ይነፉበታል፣ በዐረብኛ ይሰድቡታል፣ አይነቃነቅም።

ሰይድ ነው።

አንድ ዓይናው ገባበት ብዬ ያወጅኩበት ደቡብ ማለት ይሄ ነው። ሰው ሁሉ ከዚህ ሸሸ፣ እሱ ወደዚህ ሮጠ።

እኛንም አስቆመን። መስኮቱን እየደበደበ «አያ ይመር! በአላህ እንዳይገቡ! ፍተሻ አለ፣ ዘሃራ ኢቃማዋ መዳሟ ጋ ነው! ይዘዋት ይመለሱ!» አለ። ከወዲያ እንደምንመጣ ይሁን ከወዲህ አላስተዋለም።

«አንተስ?» አለ አያ ይመር።

«እኔን ይተዉኝ፣ እሷን ይዘው ይሂዱ!»

ያኔ ኋላ ወንበር ላይ እኔን አየኝ። «ጋሼ! ለቀቁህ?» ብሎ በመስኮት ገብቶ አንገቴን አቀፈኝ። እያለቀሰ!

እንደዚያ ሲያቅፈኝ ምን ልበለው? «ሰይዶ፣ ጌም ነው» አልኩት።

እጁን ከአንገቴ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። እንደተናገርኩት፣ ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚያደርገው።

ዘሃራ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው! አያ ይመር የፊቱን በር ከፈተ። «ግባ» አለው። ሰይድ ገባ። «መሮጥህን ነግረውኝ ነበር። ወዴት እንደምትሮጥ ግን አልነገሩኝም» አለው። ከዚያ ስለ አገሩ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ሥራው ይጠይቀው ጀመር። እኔን የጠየቀኝ የለም።

እናንተ ታንከር ውስጥ የገባችሁ፣ ወጥ እሳት ላይ ጥላችሁ የሮጣችሁ፣ ከግንብ ስትዘል እግርህን ወለም ያለህ ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቀልደኛ ነኝ፣ በዚህ ነገር ግን አልቀልድም። ያ ቮይስ ሲደርሳችሁ ልባችሁ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ከአድሚንነት አንስታችሁኛል፣ ልክ ናችሁ። «የጤና መረጃ»ን ስም «ጋሼን ያያችሁ» ብላችሁ መቀየራችሁ ግን ትንሽ በዛ።

ደርቤም ጽፎልኛል። «የት ጠፋህ? ተበላን እኮ» ይላል። ዐዚዚያ ውስጥ ያልሰማ እሱ ብቻ ነው።

አያ ይመር ዘሃራን አድርሶ፣ ለሰይድ ጫማ ገዝቶ፣ ሳይመሽ በር ላይ አወረደን። ሰይድ አመስግኖ ገባ። እኔም ልወርድ ስል ክንዴን ያዘኝ። ሽምግልናዬ ሊመሰገን ነው ብዬ ኮቴን አስተካከልኩ።

«ጌታቸው፣ ልጁን ወድጄዋለሁ» አለኝ። «ለኒካሁ ስትመጡ ግን ሽማግሌውን ቀይራችሁ ኑ።»