የኃላፊው ፎርሃንድ

ኃላፊ ከሆኑ እግር አያስፈልግዎትም! አዎ፣ አያስፈልግዎትም። መኪናው በር ላይ ይቆምልዎታል፣ ፋይሉ ራሱ ጠረጴዛዎ ድረስ ይመጣል። «ለጠረጴዛ ቴኒስስ?» ካሉኝ... ለእሱም አያስፈልግም። ስድስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ሳልል ተጫውቼ አንድም ቀን ያልተሸነፍኩ ሰው ነኝና ከእኔ የተሻለ ምስክር አያገኙም።

ሆሳዕና ውስጥ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነበርኩ። («ነበርኩ» የምትለዋን ልብ ይበሉልኝ!) ስብሰባ አዳራሻችን ውስጥ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ኮቴን አወልቅና ራኬቴን ይዤ እቆማለሁ። እቆማለሁ ስልዎት እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብዬ ነው። ኳሷ አድራሻዬን የምታውቅ ይመስል ቀኝ እጄ ላይ ትመጣለች፤ እኔም በፎርሃንድ፣ በዚያ በቀኝ ምቴ፣ አጮላታለሁ። ግራ? ኳስ ወደ ግራ ትሄዳለች እንዴ? እኔ አይቼ አላውቅም!

«ኃላፊ፣ ይሄ ፎርሃንድ አገር ይወክላል!» ይለኛል ለሬቦ። ለሬቦ የሰው ሀብት ባለሙያችን ነው፤ የምሳ ሰዓት ተጋጣሚዬም እሱ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሸነፍ አንድ ቀን እንኳ ፊቱ ጠቁሮ አያውቅም። እኔም ስፖርታዊ ጨዋነት ነው ብዬ አደንቀው ነበር... የዋህነቴን ይታዘቡልኝ!

ከዚያ ዱራሜ ላይ የመሥሪያ ቤቶች ውድድር ተዘጋጀ። ማን ይወክል? ምን ጥያቄ አለው፣ በሙሉ ድምፅ እኔ! የደረሰችኝ ተጋጣሚ ሲስተር አስቴር የምትባል፣ ሃምሳን የተሻገረች አጭር ነርስ ናት። ሳያት አዘንኩላት። እንዲያውም ለሬቦን ጠጋ ብዬ «ብዙ ሳላሳፍራት ልጨርስ» አልኩት።

የመጀመሪያዋን ኳስ ወደ ግራዬ ላከቻት። ተሳስታ ነው ብዬ ይቅር አልኳት። ሁለተኛዋንም ወደ ግራ። ይቺ ሴትዮ ዓይኗን ያማታል እንዴ? ሦስተኛዋ ወደ ቀኝ ጠርዝ በረረች... እጄን ዘረጋሁ፣ እግሬ ግን ትእዛዙ ገና አልደረሰውም። አሥራ አንድ ለአንድ! አንዷንም ያገኘኋት ሲስተር ስታስነጥስ ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ እንደ ነርስነቷ አዝና ጠጋ አለችኝ።

«ወንድሜ፣ እግርዎን ያመዎታል?»

«ኧረ ደህና ነኝ!»

«ቁርጥማት? ስኳር?»

«ምንም የለብኝም አልኩ እኮ!»

«ታዲያ ለምን አያንቀሳቅሱትም?»

ሰው ሁሉ እያየ አስተማረችኝ። ጉልበት እጥፍ፣ ትንንሽ እርምጃ፣ ክብደት ከቀኝ እግር ወደ ግራ፣ ወገብ ዞር፣ እጅ መጨረሻ ላይ። «እጅ ብቻውን ምን ያደርጋል? ፎርሃንድ የሚመታው በእግር ነው» አለችኝ። «በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ ሆሳዕና ነው። ተለማምደው ይጠብቁኝ።»

በገዛ ከተማዬ፣ በገዛ ሠራተኞቼ ፊት! ስንመለስ መኪናው ዶዮገና ሲደርስ ለሬቦ ጉሮሮውን ጠረገና «ጠረጴዛው ዝቅ ያለ ነበር፣ ኃላፊ» አለኝ። እኔ ግን በልቤ ምያለሁ፤ ያችን ሴት ሳላሸንፍ ራኬት አልሰቅልም።

ማለዳ ማለዳ ግቢዬ ውስጥ፣ እንሰቱ አጠገብ በኖራ መስመር አስምሬ፣ ጉልበቴን አጥፌ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እትዬ ማርታ በአጥር በኩል አዩኝና ባለቤቴን በሹክሹክታ «ወንድም ታደሰን ምን ነካው? የጸሎት ቡድኑን ልጥራ?» አሏት። እሷም «ይጥሩልኝ» አለቻቸው እኮ!

ቢሮ ደግሞ ለሬቦን «ከዛሬ ጀምሮ ወደ ግራዬ ምታ» ብዬ አዘዝኩት። «እሺ ኃላፊ» አለና ወደ ቀኝ መታ። «ግራ!» «ይቅርታ ኃላፊ»... አሁንም ቀኝ። በስንት ጩኸት አንዷን ወደ ግራ ላከልኝ፤ እሷም ከዝግታዋ የተነሣ ሁለት ደብዳቤ ፈርሜ እደርስባት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውዬውን እግር ያየሁት ያን ቀን ነው። ጉልበት እጥፍ! ትንንሽ እርምጃ! ወገብ ዞር! እኔ ወዲያና ወዲህ የበተንኩትን ኳስ ሁሉ እየተንሸራተተ ይደርስበትና ቀስ አድርጎ ቀኝ እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል። ለካ የከተማው ሻምፒዮን መሆን የሚችል ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲሸነፍልኝ ኖሯል። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ሳምንት ሳይቆይ አዲስ መዋቅር መጣ። መዋቅር ያውቁት የለም? እኔን ከኃላፊነት አንስቶ ባለሙያ አደረገኝ። ደብዳቤው የደረሰኝ ጠዋት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ለሬቦ የመጀመሪያዋን ኳስ ወደ ግራዬ ላካት... አቤት ፍጥነት! አሥራ አንድ ለዜሮ።

«ታዴ፣ እግርህን አንቀሳቅስ እንጂ!»

ታዴ! ጠዋት ቁርስ ሰዓት ላይ እኮ «ኃላፊ» ነበርኩ!

ግን ላመስግነው። ወራት ሙሉ ያለ ርኅራኄ ሲቀጠቅጠኝ እግር አወጣሁ። ከዜሮ ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ስምንት አልኩ፤ በመጨረሻም ሁለት ቀን አከታትዬ አሸነፍኩት። ሲስተር አስቴር ልትመጣ አምስት ቀን ሲቀራት እኔ ዝግጁ ነበርኩ። የቀረኝ አዲሱ ኃላፊያችን ብቻ ናቸው። ለካ እሳቸውም ይጫወታሉ! ኮታቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ቆሙና «እኔና አንተ እንጋጠም፤ ያሸነፈ ይወክላል» አሉኝ።

አሥር ለዘጠኝ እየመራሁ ነው። አንዲት ነጥብ ብቻ! ኳሷ ወደ ቀኜ መጣች፣ እግሬ ቀድሞኝ ደረሰ፣ ጉልበቴ ታጠፈ፣ ወገቤ ዞረ... የኃላፊው ግራ ባዶ ሜዳ ነው። እሳቸውም ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ የላቸውም። ለሬቦን በጎን አየሁት፤ ዓይኑን ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሰደደ። የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፤ ያመለከትኩት እኔ፣ የሚፈርሙት እሳቸው።

ኳሷን ቀስ አድርጌ ቀኝ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ እሳቸውም አጮሏት። አሥር እኩል! የቀጣዮቹን ሁለት ነጥቦች ነገር አይጠይቁኝ። አሥራ ሁለት ለአሥር ተሸነፍኩ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔ ራሴ አጨበጨብኩ።

ኃላፊው ላባቸውን እየጠረጉ ሳይሆን ኮታቸውን እያራገፉ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ጎበዝ ነህ፤ ግን ዝም ብለህ ትሯሯጣለህ። እኔን እይ፣ ንቅንቅ ብያለሁ? ቅዳሜ ለሲስተሯም እንዲሁ ነው የምቆምላት።»

«እሺ ኃላፊ» አልኳቸው፤ «አስተካክላለሁ።»