የምስር ሽሚያ

ሰው ብቻውን ሲበላ ማየት አልወድም። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ይባል የለ? ታዲያ ተረቱን እያወቅሁ የሦስት ዓመት ልጄን ማሂን በር ዘግቼ ለብቻዋ አበላት ነበር። ቆይ፣ ላስረዳ።

ቂርቆስ ነው የምንኖረው። ከጎረቤቴ ከሰዓዳ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሰዓዳ ወሎዬ ናት፤ አፋቸው የማያርፍ ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ልጆቻችን አብረው ይውላሉ፤ ሥጋ ሲመጣ ግን ይለያያሉ። እኛ ሙስሊም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። የታወቀ ነው፤ ማንም አይቀየምም።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ማሂን መዝና ካርዷን አሳየችኝ። ወደ ላይ መውጣት የነበረበት መስመር ተጋድሟል። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ የተጋደመ መስመር ለማንበብ ግን ስምንተኛም አያስፈልግም። ምስር፣ ጎመን፣ ካሮት ስጫትና በወሩ ተመለሺ አለችኝ። እኔ ግን የሰማሁት አማቴን ነው።

አማቴ ከደብረ ብርሃን ደውለው፣ ልጅ በሥጋ ነው የሚያድገው፣ ቅጠልማ ለበግ ነው አሉ። በወሩ ካልከበደች ደግሞ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ስድስት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ አሉ። ባሌ በማግስቱ ሥጋ ገዝቶ ገባ። እናቱ ናቸዋ!

በቃ፣ ቤቱ መረቅ በመረቅ ሆነ። የሰዓዳ ልጆች እያዩ እንዳይጎመጁ እኔ በር እዘጋለሁ፤ ማሂ አፏን ትዘጋለች። ማንኪያውን ሚኒባስ አድርጌ "ካዛንቺስ! አንድ ሰው የቀረው!" ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪ የለም። ያቺ ሳምንት እንዴት እንዳለቀች እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ዐቢይ ፆም ገባ፤ ሥጋ ቤቱም ዘጋ። ጨነቀኝ። ያለኝን ምስር ሠራሁ፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት በድንች፤ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ አደረግሁበት። በር የምዘጋበት ምክንያት ስላልነበረ ሽታው ማዶ ተሻገረ።

"የማሂ እናት፣ ምንድን ነው?" አለች ሰዓዳ ከግድግዳው ወዲያ።

"ምስር ነው።"

"በይ እንግዲህ ትሪሽን ደብቂ! ወላሂ፣ ልጆቼ ወጥተዋል!"

ምስርን ማን አረደው አይባልም። ሁለቱ ገቡና ከማሂ ጋር ትሪውን ከበቡ። ትልቋ አንድ ጎረሰች፣ ትንሿ ሁለት። ማሂ ምስሩ ከፊቷ ሲሸሽ አየች። "የኔ ነው!" አለችና በሁለት እጇ ገባችበት! ጎመኑ ያራሰውን እንጀራ ሳይቀር ጠረገችው። ለካ ልጄ ያጣችው ምግብ አልነበረም፤ ተሻሚ ነው።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓዳ ጋር ተራ ገባን። አንድ ቀን ሽሮ፣ አንድ ቀን የባቄላ ንፍሮ። ቀይ ሥር የበሉ ቀን ግድግዳዬ በእጃቸው ማኅተም ተመታ። አቮካዶ በሎሚና በቁንጣሪ ጨው ጨፍልቄ ስሰጣቸው ሳህኑን ላሱት። ምክር ከፈለጋችሁ ደግሞ ፓፓያ እኩል አትቁረጡ። አንዱን ተለቅ አድርጉትና ዞር በሉ። ማንም አልበላም አይልም።

ወሩ ሞላ። አማቴ መጡ፤ ጤና ጣቢያም አብረውኝ ሄዱ። ነርሷ መዘነች። ድጋሚ መዘነች። መስመሩ ቀና ብሏል!

"ምን ሰጠሻት?" አለችኝ።

"የጎረቤት ልጆች!" አልኩ። እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ወረፋ የያዙት እናቶች ሁሉ ዞሩ።

አማቴ አላመኑም። ትሪውን በዓይኔ ካላየሁ አሉ። ቤት ገብተን ሲቀርብ ልቅመስ ብቻ ብለው ተቀመጡ። አንድ ጎርሰው ቀና ሲሉ ጎመኑ የለም።

"እናንተ! ለትልቅ ሰው አይተውም እንዴ?"

ማን ሰምቷቸው! በማግስቱ ከልጆቹ ቀድመው ቦታ ያዙ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ የእሳቸውም ጉንጭ ሞልቷል። እንግዲህ ማሂን ከዚህ ቤት የሚወስድ የለም። አማቴንም እንደዚያው።