ምሳ በልተሻል?

ለመታከም ሄዶ ሐኪሙን አክሞ የሚመለስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የኮልፌ 18 ማዞሪያዋ ክብርት እትዬ ዘነበወርቅ ናቸው።

እንቅልፍ እምቢ ቢላቸው ጊዜ ሐኪም ቤቱ ወደ ሥነ ልቦና አማካሪዋ ወደ ሌሊሴ ላካቸው። ስምንት ቀጠሮ ተሰጣቸው። ካርዳቸው ላይ «ልጃቸው ውዳሴ ካኮረፈቻቸው ሁለት ዓመት» ይላል። እሳቸው ግን ገና ሳይቀመጡ ሌሊሴን ከላይ እስከ ታች አዩና፣

«ምሳ በልተሻል?» አሉ።

«በልቻለሁ፣ እትዬ። እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?»

«እኔን ተይኝ። ምን በላሽ?»

በመጀመሪያው ቀጠሮ ሌሊሴ ደም እንደሚያንሳት ታወቀ። በሁለተኛው ወንበሯ ለወገብ እንደማይሆን ተወሰነና ትራስ መጣላት። በሦስተኛው ባል ተገኘላት፤ አስኮ ሰፈር ብረት የሚበይድ፣ ሱስ የማያውቅ፣ ጉዲሳ የሚባል። ስለ እንቅልፋቸው ስትጠይቃቸው «እሱ ይደርሳል» ይላሉ። ስለ ውዳሴ ስትጠይቃቸውማ ብድግ ብለው መስኮቱን ይዘጋሉ። «ብርድ እንዳይመታሽ!»

አለቃዋ ዶክተር ወልደ አማኑኤል በስልክ ሰምተው ሳቁ።

«ልጃቸው አድርገውሻል፤ የተለመደ ነው። ታካሚ ከቤቱ የጎደለበትን ሰው አማካሪው ወንበር ላይ ይፈልጋል። አንቺም እናትሽ እንዳታደርጊያቸው ብቻ!»

«እኔ? በፍጹም!» አለች ሌሊሴ፣ ትራሱን ደገፍ ብላ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ቀጠሮ አለቀ። በሰባተኛው ቀን ሌሊሴን ቶንሲል ይዟት ድምፅዋ ጭራሽ ጠፋ። ወረቀት ላይ «ዛሬ እኔ እሰማለሁ» ብላ ጽፋ አሳየቻቸው።

«ውይ በሞትኩት! ዝንጅብል ጠጣሽ?»

ዝም።

«ማርስ አለሽ? ማታ ተከናንበሽ ነው የምትተኚው?»

ዝም። እትዬ ዘነበወርቅ ጥያቄ አልቆባቸው አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን አለቀባቸው። ነጠላቸውን ጫፉን ይዘው ያፍተለትሉት ጀመር።

«ውዳሴም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዝም ነው ያለችኝ» አሉ ድንገት። «መሥሪያ ቤቷ ድረስ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ጓደኞቿ ፊት ‹ምነው ከሳሽ? ባልሽ አያበላሽም እንዴ?› አልኳት። እንባዋ መጣ። ‹እማዬ፣ አንድ ቀን ደህና ነሽ ወይ ብለሽ መልሴን ሰምተሽ ታውቂያለሽ?› አለችኝ። እኔ ምን እያደረግኩ ነበር መሰለሽ? ምሳ ዕቃውን እየከፈትኩ!»

ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። ሌሊሴ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ጻፈች፦ «ይህን ለእሷ ነግረዋታል?»

ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ከተው ሄዱ።

በመጨረሻው ቀጠሮ ዘግይተው መጡ። ፊታቸው በርቷል። ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

«ደወልኩላት! ‹ደህና ነሽ?› አልኩና አፌን በነጠላዬ አፍኜ ያዝኩ። ሞቼልሽ ነበር! ግማሽ ሰዓት አወራችኝ። እሑድ ትመጣለች። ትናንት እንዴት እንደተኛሁ አልነግርሽም!»

ሌሊሴ ደስ አላት። ሰዓቱ እስኪያልቅ ስለ ውዳሴ ብቻ ተወራ። ከዚያ እትዬ ዘነበወርቅ ተነሡ፣ መርቀው ተሰናበቷት፣ በሩን ከፈቱ። አንድም ነገር አልጠየቋትም።

ሌሊሴ የዶክተሩ ማስጠንቀቂያ ትዝ አላት። ትራሷን አየች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እትዬ» አለች፣ «እኔ እኮ ምሳ አልበላሁም።»