የባላምባራስ የቁም ልቅሶ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሁልጊዜ አንድ ፈረስ አለበት። ፈረስ ከሌለ ገደል፣ ገደል ከሌለ መድፍ አይጠፋም። ሰውየው ተወለደ፣ ሸፈተ፣ ማረከ ወይም ተማረከ፤ አለቀ። በመሀል ጉንፋን ይዞት ያውቅ እንደሆነ፣ ከጎረቤቱ ተኳርፎ በማን ሽምግልና እንደታረቀ የሚነግራችሁ የለም። እኔ እነግራችኋለሁ። ጸሐፊ ሆኜ አይደለም፤ ድምፅ ስላለኝ ነው። ይመር እባላለሁ፤ በደርግ ዘመን የሰፈራችን የቅሬ ለፋፊ ነበርኩ።

ቅሬ እናንተ ከተሜዎቹ እድር የምትሉት ነው። የእኛው ግን እስላሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ የእስላሙን መቃብር የሚቆፍርበት ነው። ሰፈራችን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲኬድ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ እኔ ጉብታው ላይ ወጥቼ «ቅሬ ውጣ!» ያልኩ እንደሆነ ታች ውኃው ዳር ያለው ዓሣ አጥማጅ ሳይቀር መረቡን ትቶ ይመጣል። መኩራራት እንዳይመስልባችሁ። ወላሂ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

ባላምባራስ እጅጉን ላስተዋውቃችሁ። ጣልያንን አምስቱን ዓመት በአምባሰል ገደላ ገደል ሲያንቀጠቅጡ ኖረው፣ ማዕረጋቸውን ከንጉሡ እጅ የተቀበሉ አርበኛ ናቸው። ደርግ ሲመጣ ማዕረግ ቀረ ተባለ። ካድሬው ግን ለአብዮት በዓል የሚያቀርበው ጀግና ያስፈልገዋል፤ «ጓድ» ብቻ ቢላቸው እሳቸው አቤት አይሉም። ስለዚህ «ጓድ ባላምባራስ» አላቸው። እንዲህ ያለ ማዕረግ በዓለም ላይ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ይመስለኛል።

በየዓመቱ መድረክ ላይ ይወጡና ይተርካሉ። ንጉሡ እንዳይነሱ፣ ባላባት እንዳይነሳ፣ ግሸን ማርያም ፈጽሞ እንዳትነሳ ተብለው ነው የሚወጡት። እሳቸው ደግሞ ጥይት ሲስታቸው የጠሩት ግሸን ማርያምን ነው እንጂ ሰፊውን ሕዝብ አይደለም። አንድ ዓመት አመለጣቸውና ጠሯት። ማይክሮፎኑ ወዲያው ተበላሸ ተባለ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጎረቤቴ እቴ ዘሀራ አንድ ልጅ ነበራት፤ ሰይድ ይባላል፤ ደሴ አስተማሪ ነበር። በቀይ ሽብር ገደሉት። ሬሳውንም አልሰጧት። ወሬው በደረሰ ማግስት ካድሬው ከውጫሌ መጥቶ ሰበሰበንና፣ «ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም። ደጇን የረገጠ ከእሱ እኩል ይጠየቃል» አለን። እኔም ጉብታው ላይ እንዳልወጣ ጠብመንጃ የያዘ ሰው እዚያው ቆመብኝ። ሰደቃም የለ፣ ልቅሶም የለ። በዚያ ሰፈር ሰው ሞቶ ቅሬ ሳይወጣ ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነበር።

ዘሀራ እንባዋ ደረቀ። እህል አስጠላት። አንድ ቀን ለባለቤቴ፣ «እንዲያው አንዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስሙን ጮክ ብዬ ብጠራው ይወጣልኝ ነበር» አለቻት። ባለቤቴ ማታውኑ ነገረችኝ።

የእኛን አገር ልቅሶ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሴቶቹ የሰው ልቅሶ ላይ የሚያለቅሱት የየራሳቸውን ሙት ነው። የጎረቤት አያት ሞቱ ብላ የሄደች ሴት የእናቷን፣ የባሏን ስም ትጠራለች፤ «ምነው፣ የማንን ልቅሶ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ የለም። ስለዚህ ለዘሀራ የሚያስፈልጋት ልቅሶ ነበር። የማንም ይሁን፣ ልቅሶ። ታዲያ ምን ይሆናል? ያን ሰሞን ሰው መሞት ተወ! ያረቢ፣ አገሩ ሁሉ ጤና ሆነ። አልጋ ላይ ከረሙ የተባሉት ተነስተው ውጫሌ ገበያ ዋሉ።

ባላምባራስ ብቻ ታመሙ። እንግዲህ ሰውየውን እንወዳቸዋለን፤ ግን ምን ልደብቃችሁ፣ ጠያቂው በዛ። በማለዳ ሄደን «እንዴት አደሩ?» እንላለን። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉን አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን።

«አንተ ይመር» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ደህና ነኝ ባልኳችሁ ቁጥር ፊታችሁ የሚጠቁረው ለምንድን ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ተቆጥተው ያባርሩኛል ስል ትራሳቸውን ደገፍ አሉ።

«ወንድሜን ጣልያን ሲገድለው እናቴ እስኪበቃት አልቅሳለታለች» አሉ። «ጣልያኑ ከምሽጉ ሆኖ ይሰማታል። ጠላት ያልከለከለውን ያገሬ ልጅ ይከልክል?» ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፈፉት። «የቁም ተዝካሬን አወጣለሁ! ልቅሶም አለበት።»

የቁም ተዝካር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልጅ የሌለው ክርስቲያን «ስሞት ማን ያስበኛል» ብሎ በሕይወቱ ሳለ ይደግሳል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ቄስ ይጸልያል። ልቅሶ ያለበት ግን ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅ። ካድሬው ሲሰማ እየበረረ መጣ። ድግስ ብክነት ነው አለ፤ ተዝካር ኋላ ቀር ልማድ ነው አለ። ባላምባራስ አስጨረሱትና፣ «ይሁን ልጄ። ብቻ በበዓሉ ቀን ጉሮሮዬን ሳያመኝ አይቀርም» አሉት። ካድሬው አሰላው። ጀግናው ዝም ካሉ መድረኩ ላይ ማን ሊቆም ነው? በመጨረሻ የጀግና ክብር በዓል ከተባለ ግድ የለም ብሎ ተስማማና ቀይ ጨርቅ እልካለሁ አለ።

በቀኑ ሁለት ዳስ ተጣለ። ሁለት በሬም ታረደ፤ አንዱን ክርስቲያን ባረከው፣ ሌላውን እስላም፤ እንደ ደንባችን። ከሐይቅ እስጢፋኖስ አንድ አባት መጡ፣ የመስጊዳችን ሼህም መጡ። ካድሬው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ባላምባራስ ካባቸውን ደርበው፣ ሬሳ በሚያርፍበት ቦታ ወንበር አስደርገው ጉብ አሉ። እኔም ጉብታው ላይ ወጣሁ። «ቅሬ ውጣ! ባላምባራስ እጅጉ... አልሞቱም፤ ግን ውጣ!» አልኩ። አገር ግልብጥ ብሎ ወጣ።

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። የሚታየውን ሰው ማን ያለቅሰዋል? እሳቸው ደግሞ «በርቱ እንጂ!» እያሉ ይቆጣሉ። ከዚያ ዘሀራ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ነጠላዋን አሸርጣ ደረቷን መታች።

«ሰይድዬ! ሰይዴ! መምህሩ ልጄ!»

ሳቁ ጸጥ አለ። ካድሬው ብድግ አለ። «ጓድ ባላምባራስ፣ ይህች ሴት የማንን ልቅሶ ነው የምታለቅሰው?»

«የእኔን» አሉ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «በአገራችን አልቃሽ ሁሉ የራሱን ሙት ይጠራል። ካላመንከኝ ትንሽ ጠብቅ።»

ብዙም አልጠበቀም። አንዷ እናቷን ጠራች። ሌላዋ ኦጋዴን ዘምቶ የቀረ ባሏን ጠራች። አንዷ ወንድሟን፣ አንዷ በአራስ ቤት የቀረባትን ሕፃን። ወንዶቹም ተነሱ። ሜዳው በስም ተሞላ፤ የዘሀራ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነው፣ ግን ከሁሉም ጋር ነው። ካድሬው ማንን ይከልክል? የትኛዋን ይያዝ? ዙሪያውን ቃኘና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እሪታ ሐራም ነው ብለው ሲቆጡን የኖሩት ሼህ እንኳ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መልሰው መቁጠሪያቸውን ያንከባልሉ ጀመር።

ዘሀራ እስኪበቃት አለቀሰች። ከዚያ ውኃ ጠጣች፤ ባለቤቴ አጎረሰቻት፣ ጎረሰች። እኔ ሽማግሌው ዘወር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ፤ ምን አሳፍሮኝ!

ሰው ሊበተን ሲል ባላምባራስ እጃቸውን አነሱ። «ኧረ ለመሆኑ» አሉ፣ «እኔን ያለቀሰኝ ማነው?»

ተያየን። ማንም! በሬያቸውን በልተን፣ ጠላቸውን ጠጥተን፣ የእሳቸውን ስም ያነሳ አንድ ሰው ጠፋ። ስንስቅ ጊዜ የምር አኮረፉ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም።

እዚያው ደርግ ሳይወድቅ የምር ሞቱ። ፋሺስትን የታገሉ ጀግና እንደነበሩ በስብሰባ ላይ በአጭሩ ተነገረ፤ የተዝካሩን ነገር ማን ያንሳው። ልክ ነው፤ ፈረስ የለበትም፣ መድፍ የለበትም።

ጉብታው ላይ ወጥቼ ጠራሁ። ቀድማ የደረሰችው ዘሀራ ነበረች። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው የየራሳቸውን ሙት መጥራት ሲጀምሩ፣ እሷ አስከሬኑ ያረፈበት አልጋ አጠገብ ቆማ «ባላምባራስዬ! እጅጉዬ!» አለች። እኔ አሁን ሰይድን ትጠራለች፣ አሁን ትጠራለች እያልኩ ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁ። አፈር እስኪለብሱ ድረስ የልጇን ስም አንዴም አላነሳችም።