ክርናቸው ያልደረሰው ርእሰ መምህር

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ትምህርት ቤቱ ራሱ እኛ ቤት ድረስ መጣ። አጥሩን እንደ ጋቢ ተከናንቦ፣ የብረት በሩን በብብቱ ይዞ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ሲያዘግም አየሁት። ደጃፋችን ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "የርብቃ እናት፣ ለዘንድሮ ቦታ ይኖራችሁ ይሆን?" አለኝ።

ርብቃ ልጄ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች፣ ቀኝ እጇ ደግሞ ከደረቷ በላይ አይወጣም። በሕልሜ ግን ደጃፋችን ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ወረቀት ታገላብጣለች። ትምህርት ቤቱን ቀና ብላ እንኳ ሳታየው፣ "ተራ ያዝ" አለችው።

ዞር ብል ሰልፉ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሷል። ከፊት የቆሙት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ከኋላቸው ርእሰ መምህራን በየእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ባለ ፎቅ ትምህርት ቤት ደረጃውን በባንዲራ ሸፍኖ ቀረበ።

"ደረጃ አለህ?" አለችው ርብቃ።

"ትንሽ ነው። ከሃያ አይበልጥም።"

"እንዳንተ ላሉት ልዩ ቦታ አለ ይባላል። እዚያ ሞክር።"

"የት ነው እሱ?"

"እኔም አላውቀውም።"

ባለ ፎቁ ኖራው እየረገፈ ሄደ። እኔ ልከተለው ስል እግሬ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የምማርበት ክፍል ውስጥ አደረሰኝ። እዚያ ክፍል ከጥቅምት ጀምሮ እኛ ጎልማሶች ከሰዓት በኋላ ፊደል እንማራለን። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ስመዘገብ ስሜን ብቻ ነበር የጠየቁኝ። ጉልበቴ በማይገባበት የአንደኛ ክፍል ዴስክ ላይ ተጣጥፌ ሀ ሁ ስል፣ አንደኛ ክፍል መግባት የሚገባት ልጄ በር ላይ ዘበኛው ጋ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ማታ ቤት የቤት ሥራዬን ስሠራ ደግሞ ከጎኔ ሆና ደብተሬን ታያለች።

በሕልሜ ዴስኮቹ ጣራው ላይ ተለጥፈው ነበር። ልጆች በክራንችና በተሽከርካሪ ወንበር ከኮርኒሱ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላሉ። መምህራኑ ከታች አንገታቸውን አንጋጠው፣ እኛም እንድንወጣ መሰላል ይደረግልን እያሉ ይለምናሉ። አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ከላይ ሆኖ በረጋ ድምፅ መለሰላቸው። ለሁለት ለሦስት መምህር ሲባል ሕንጻ እንደማይነካ፣ በጀትም እንደሌለ፣ ደግሞም ከጤነኞቹ ጋር ቢቀላቀሉ ራሳቸው መምህራኑ እንደሚሳቀቁ፣ ይህ ሁሉ ለእነሱው ታስቦ እንደሆነ አስረዳቸው። ይህን ንግግር ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ከማን አፍ እንደሰማሁትም አውቃለሁ።

ወዲያው አቶ መንበሩ ገቡ። አቶ መንበሩ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው። አሮጊት እናታቸው አዝለዋቸው፣ ክራባታቸው በእናታቸው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጫማቸው መሬት እየጠረገ መጡ።

"ቀኝ ክርንህን ግራ ጆሮህ ላይ አድርስ" አለቻቸው ርብቃ።

አቶ መንበሩ ልጅ ሲመዘግቡ የልደት ካርድ አያዩም። ካርድ ባልነበረበት ዘመን ይደረግ እንደነበረው፣ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ አዙሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ያዛሉ። ከነካ ለትምህርት ደርሷል፤ ካልነካ አልደረሰም። ርብቃ በሰባት ዓመቷ አልነካችም፣ በስምንት አልነካችም፣ ዘንድሮም በዘጠኝ አልነካችም። በግራዬ ላድርገው ብትላቸው ደንቡ በቀኝ ነው አሏት። እጇ እስኪደርስ ቤት ትቆይ ብለው፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አስነክተው፣ ቅጂውን ሰጥተው ይሸኙኛል። ተራ መያዣ ነው ይሉኛል። ከዚያው ከበራቸው በላይ በትልቁ፣ "አንድም ልጅ ከትምህርት ገበታ አይቀርም" ተብሎ ተጽፏል። ፊደል ቆጥሬ መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው።

አቶ መንበሩ ታገሉ። ፊታቸው ቀላ፣ የኮታቸው ብብት ተተረተረ። ክርናቸው አገጫቸው ጋ ሲደርስ ቆመ።

"አልደረስክም" አለች ርብቃ።

"ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ። ካርዴ ይኸው።"

"ካርድ አናይም።"

"እሺ፣ አስነብቢኝ። ወረቀት ስጪኝና ልጻፍ።"

"ደንቡ በክርን ነው። ክርንህ እስኪያድግ ቤት ቆይ።"

ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሳቅሁትን ልስቀው ነበር። በዚህ መሀል አሮጊቷ ወደ ርብቃ ጠጋ ብለው፣ "እትዬ፣ ሌላው ነገሩ እኮ ሙሉ ነው" አሉ። "ይሰማል፣ ይገባዋል፣ የነገሩትን አይረሳም። እቺ ክርኑ ብቻ ናት።"

በየዓመቱ ለአቶ መንበሩ የምለው የኔው ቃል ነበር። እኔ "እቺ እጇ ብቻ ናት" ከማለቴ በቀር አንድም ነገር አልተለወጠም። የከፈትኩትን አፍ መልሼ ዘጋሁት።

አንድ ሰው ለአሮጊቷ ወረቀት አቀበላቸው። የጣት ቀለሙ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተሞልቶ ቀርቦላቸዋል። እጃቸውን ሊነክሩ ሲሉ ወደኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ ምን ይላል ይሄ?" አሉኝ።

"ተራ መያዣ ነው" አልኳቸው። ድምፁ የአቶ መንበሩ ነበር፤ ከኔ አፍ ነው የወጣው።

እሳቸውም አመኑኝ። ወረቀቱን ከእጃቸው ነጥቄ አየሁት፤ ፊደል ሳልቆጥር፣ በጣቴ ሳልከተል፣ እንደ ተማረ ሰው ቁልቁል አነበብኩት። ልጄ እንዲማር አልፈልግም ይላል። እማማ፣ አይፈርሙ ብዬ ስጮህ ነቃሁ።

ነግቷል። ርብቃ አጠገቤ ቁጭ ብላ ምን ሆንሽ በሚል ዓይን ታየኛለች። ምንም አልሆንኩም ብያት ተነሣሁና ሳጥኑን ከፈትኩ። ሦስቱ ወረቀቶች በፌስታል ተጠቅልለው ከክትባት ካርዷ ጋር እንዳስቀመጥኳቸው አሉ። ፊደል ከለየሁ ወራት አልፈዋል፤ እነሱን ግን አንድ ቀን አንብቤያቸው አላውቅም። የማውቀውን ወረቀት ምን አነበዋለሁ? ተራችን ናት ብዬ እንዳትጨማደድ ስጠብቃት ነው የኖርኩት።

በሩን ከፍቼ ብርሃኑ ላይ ተቀመጥኩና በጣቴ ጀመርኩ። ወ፣ ላ፣ ጅ። ርብቃ መጥታ ትከሻዬን ተደገፈች። ሁለተኛው ቃል ላይ ተይዤ ሳለሁ ከጆሮዬ ሥር ድምፅ ሰማሁ፤ ጥርት ያለ፣ ምንም የማይደናቀፍ። "ወላጅ ልጇን ለማስተማር ፈቃደኛ ባለመሆኗ፣ በራሷ በወላጅ ጥያቄ ልጅቷ ከምዝገባ ቀርታለች።"

ማንበብ እንደምትችል አላውቅም ነበር። ከደብተሬ ላይ፣ ከጎኔ ቁጭ እንዳለች ለቅማዋለች። ሁለተኛውን ወረቀት ወስዳ አነበበች፤ ሦስተኛውንም አነበበች። ከቀኑ በቀር አንድ ናቸው። ከዚያ የግራ እጇን ጣት ከግርጌው ባለው የአውራ ጣቴ አሻራ ላይ አሳረፈች።

"እማ" አለችኝ፣ "እንዳልማር ያደረግሽው አንቺ ነሽ እንዴ?"