የአያ ጥሩነህ ጉልበትና የፍልውሃው ጉዞ

ከመንገዱ በፊት ዕቅዱ አድክሟችሁ ያውቃል? እኔን አድክሞኛል። አያ ጥሩነህ የተባሉ የአዘዞ ሰው ጉልበታቸውን ክፉኛ ስለሚያማቸው፣ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ባለ ፍልውሃ ከተማ ልወስዳቸው ቃል ገባሁ። መምህር ነኝና ጉዞውን በሠንጠረዥ ነደፍኩት። የቀረን ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር።

«ወር በገባ በአምስት እንነሣ» አልኳቸው።

«ምነው መምህር፣ አቦን ጥዬ?»

«በሰባትስ?»

«የሥላሴ ማኅበር እኔ ቤት ነው።»

«እንግዲያው በስምንት።»

«የተረፈውን ጠላ ለማን ትቼ?»

ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል እያልን ወሩ አለቀ፤ ሌላው ወርም እንዲሁ። እሳቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም። ቀን ለመምረጥ በየሳምንቱ ከአዘዞ ጎንደር እኔ ዘንድ ይመጣሉ። መጀመሪያ በበቅሎ መጡ፣ ቀጥሎ ምርኩዝ ይዘው በእግራቸው፣ በአራተኛው ወር ደግሞ ያለ ምርኩዝ፣ ልቀበላቸው የወረድኩትን እኔን ዳገቱ ላይ ቀድመው።

«አያ፣ ጉልበትዎስ?» አልኳቸው እያለከለክሁ።

ቆም ብለው ዳበሱት። «ሸጋ ነው። ያ ፍልውሃ እንዴት ያለ ነው፣ ከሩቁ ፈወሰኝ!»

እናንተም ጉልበታችሁን ካመማችሁ ወደ ሩቅ ፍልውሃ ጉዞ አቅዱ። ቀኑን ለመቁረጥ ግን ማኅበር የሚበዛበትን ሰው በእግራችሁ እየሄዳችሁ አማክሩ፤ እስቲ ሞክሩት።