ክቡር ምን ገባበት

እንዲህ ያለውን ሰው የማያውቅ፣ ድግስ በልቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ ማንኪያውን ሲያነሳ እሱ ሳህኑን እያሸተተ "ምን ገባበት?" ይላል። አብሳይዋ አንድ በአንድ ትዘረዝርለታለች። "ዘይቱስ? ቀደም ብሎ ምን ተጠብሶበታል?" በቃ፣ የሁሉም ምግብ ይቀዘቅዛል።

የአለርጂ ክፍሏ ነርስ የምታውቃቸው ክቡር ምን ገባበት ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው አንድ ማንኪያ የዓሣ ሾርባ ሞት አፋፍ አድርሳ መልሳቸዋለች። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ በየድግሱ የሚጠይቁላቸው እሷ ነበሩ። ሚስትየዋ ካረፉ ወዲህ ክቡርነታቸው ራሳቸው ይጠይቁ ጀመር፤ ሰዉም ቀስ በቀስ መጥራቱን ተወ።

ሐኪሙ ግን ዓሣ ሁሉ አንድ አይደለም፣ የሚስማማዎትን በየተራ ሞክረን እንለይ አላቸው። እናም በየማክሰኞው ከረባት አስረው ይመጣሉ። ነርሷ መጀመሪያ ምስር የምታክል ቁራሽ፣ ቆየት ብላ ትንሽ ከፍ ያለች ታቀርብና፣ ምናልባት ቢያማቸው የሚወጉትን መርፌ አዘጋጅታ ለሁለት ሰዓት ያህል ፊታቸውን ታያለች። ደንቡ ነው። ቱና አለፈ። ቆሮሶ ከንፈራቸውን አሳብጦ ከዝርዝሩ በቀይ ተሰረዘ። አምባዛ አለፈ። እሳቸው ስለ ሚስታቸውና ስለሚያፈስ ቧንቧ ያወራሉ፤ እሷም ሳይታወቃት ማክሰኞን መናፈቅ ጀመረች። ቤቷስ ማን አለና።

ሳልሞን ብቻ ሲቀር ክቡርነታቸውን ጉንፋን ያዛቸው። የታመመ ሰው ደግሞ አይሞከርም። በሚቀጥለው ማክሰኞም ጉንፋን፣ በሦስተኛውም ጉንፋን፤ አንዴ እንኳ ሳያስነጥሱ። ነርሷ ነገሩ ገባት። ሳልሞን ካለቀ መዝገቡ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ፊት ለፊታቸው የሚቀመጥ ሰው አይኖርም።

በአራተኛው ማክሰኞ ግን ሳልሞኑን በሉ። ምንም አልሆኑም።

"አለፉ፣ ጋሼ። ከእንግዲህ መመላለስ የለብዎትም።"

"ተመስገን" አሉ፤ ፊታቸው ግን ተመስገን አላለም። ተነሥተው የኮታቸውን አንድ እጅጌ አጠለቁ፤ ሁለተኛውን ፍለጋ ብዙ ቆዩ።

ነርሷ መዝገቡን ዘግታ፣ ሁልጊዜ ብቻዋን ቆማ የምትበላበትን የምሳ ዕቃ ከመሳቢያው አወጣች። ክዳኑን ስትከፍት አንገታቸው በልማድ ሰገግ አለ።

"ሲስተር፣ ምን ገባበት?"

ስለ ምሳዋ ሰው ጠይቋት አያውቅም።

"ሩዝ፣ ካሮት፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት። ዘይቱ ጠዋት የተከፈተ ነው፤ ምንም አልተጠበሰበትም።" ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋችው። "ሹካም ሁለት ይዣለሁ፤ ይቀመጡ።"